ለሁለቱ ጨለማዎች የተሳልኩት ጃንጥላ

ልጆቹ ናቸው «ይንገሩን» ብለው የያዙኝ። ልጆች እላቸዋለሁ እንጂ አንዱ አየር ማረፊያ ሻንጣ ይጭናል፣ አንዷ አረጋውያን ታስታምማለች፣ ሌላዋ ባቡር ጣቢያው ሰፈር፣ ባንሆፍስፊርቴል፣ ምግብ ቤት ትሠራለች። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ጀርመኖቹ በሚያከራዩን አዳራሽ ከበውኝ ይቀመጣሉ። በጥምቀት ታቦቱ ሲወጣ ቀዩን ከፋይ ጃንጥላ፣ ያን ባለ ወርቅ ዘርፉን፣ አይተውት ኖሯል። «እማማ፣ እርስዎ ነዎት አሉ ያስገቡት። ምን ለምነው ነው?» አሉኝ።

«ሁለት ጨለማዎች ይገናኙልኝ ብዬ» ስላቸው ሻንጣ ጫኙን ሻዩ ትን አለው።

«እማማ ደግሞ! ሰው ብርሃን ይለምናል እንጂ!»

«ሳትሰማ አትሳቅ» አልኩት። መንገር ስጀምር ግን የባቡራቸው ሰዓት ደረሰ። «ይጻፉልን» ብለው ሄዱ።

እሺ፣ ልጻፍ። እኔ የትምህርት ቤት ደጅ አልረገጥኩም። ፊደል የለየሁት ልጄ ትንሽ ሆና ስታጠና አጠገቧ እየተቀመጥኩ፣ እሷ ጮክ ብላ ስትቆጥር እኔ በሆዴ እየተከተልኩ ነው። ከመንገድ ወጣ ካልኩ ታገሡኝ፤ እግሬም ምላሴም አንድ ቦታ መቀመጥ አይወዱም።

ነገሩ የልጅ ልጄ ነገር ነው። እናቷ ሆስፒታል በፈረቃ ስትሠራ ያሳደግኳት እኔ ነኝ። ገና ጎህ ሳይቀድ ኒደርራድ የሚባል ሰፈር ሄጄ ቢሮዎቹን አጸዳና፣ ባለ ከረባቶቹ ሲገቡ እኔ እወጣለሁ። ከሰዓት በኋላ እሷን ሕፃናቱ ከሚውሉበት ኪታ አመጣታለሁ። መንገድ ላይ እሷ በጀርመንኛ ትጠይቀኛለች፣ እኔ ባማርኛ እመልሳለሁ። «ኦማ፣ ሰማዩ የት ላይ ነው የሚያልቀው?» ትለኝ ነበር፤ ኦማ በነሱ አያት ማለት ነው። «እናትሽ ስትመጣ ጠይቂያት» እላት ነበር። እናቷም «ሥራ ውዬ ገብቼ ደግሞ ሰማይ!» ትል ነበር።

ያቺ ልጅ አደገችና ፊዚክስ ተማረች፤ እሱም አልበቃትም፣ ዶክትሬት ጀመረች። ቦከንሃይም ሰፈር ከጓደኞቿ ጋር ቤት ተከራይታ ወጣች። እኔም ሽሮዬን በጠርሙስ፣ ድፎዬን በፎጣ ጠቅልዬ በኡባን፣ በምድር ውስጥ ባቡሩ፣ እሄድላታለሁ። አንድ ፌርማታ ቀድሜ እወርድና ሱቆቹን እያየሁ በእግሬ ነው የምደርሰው። አብረዋት የሚኖሩት ልጆች በሩን ሲከፍቱልኝ ከእኔ በፊት ፎጣውን ነው ሰላም የሚሉት።

ምን እንደምታጠና ያስረዳችኝ ግን ቤት ውስጥ አይደለም። ኅዳር ላይ በማይን ወንዝ ዳር አብረን ስንሄድ ጭጋግ ወረደብን። ወንዙም ማዶውም ጠፋ። አንድ መብራት ብቻ ቀስ ብሎ ሲሄድ ይታያል።

«ኦማ፣ ያ መብራት ለምን ይንቀሳቀሳል?»

«ጀልባ ነዋ።»

«ጀልባው ይታይሻል?»

«አይታየኝም።»

«ውሃውስ?»

«ምን ነካሽ ልጄ፣ ጭጋግ እኮ ነው!»

«የኔ ሥራ ይሄ ነው» አለችኝና ክንዴን ያዘች። «ሰማይ ላይ የምናየው መብራቱን ብቻ ነው። መብራቱን የሚነዱት ሁለት ነገሮች አይታዩም። አንደኛው ሰብሳቢ ነው፤ ከዋክብቱን መንጋ መንጋ አድርጎ ይይዛቸዋል። ጨለማ ቁስ እንለዋለን። ሁለተኛው በታኝ ነው፤ መንጋውን ከመንጋ እያራቀ ሰማዩን ይለጥጠዋል። እሱ ጨለማ ጉልበት ነው።»

«ጥቁር ናቸው?»

«አይ፣ ጥቁርስ ይታያል። ብርሃን ጭራሽ አይነካቸውም።»

እኛ ፎቅ ላይ፣ ከላዬና ከታቼ የሚኖሩ ሁለት ሰዎች አሉ። ይሄን ያህል ዘመን ስኖር ፊታቸውን አላየሁም። አንዱ ሲገባ ሌላው ይወጣል፤ የማውቃቸው በበራቸው ድምፅ ነው። ሁልጊዜ የማስበው እነዚህ ሰዎች ይተዋወቁ ይሆን እያልኩ ነው። ስለዚህ ሳላስበው «ታዲያ እርስ በርሳቸው ይተዋወቃሉ?» አልኳት።

ቆመች። «እኮ! አራት ዓመት ልለፋበት ያሰብኩት ጥያቄ እሱ ነው። አንዱ ለሌላው የሚያቀብለው ነገር አለ ወይስ እያንዳንዱ በየፊናው ነው? ብዙ ሰው በየፊናው ነው ይላል። ግን ማን አየ?»

«እናንተስ በምን ልታዩ?»

«በመብራቶቹ። ሰብሳቢው ቀስ በቀስ ለበታኙ እያቀበለ ከሆነ፣ የመብራቶቹ አሰባሰብ ከጠበቅነው የተለየ ይሆናል። ድሮ እንዴት ተሰባስበው እንደነበር፣ ዛሬ እንዴት እንደሆኑ እያስተያየን እንለካለን።»

«ድሮን ደግሞ በምን ታያላችሁ?»

«ሩቅ በማየት። የሩቁ ብርሃን ዘግይቶ ነው የሚደርሰን።»

ይሄ አልጠፋኝም። እኔ እዚህ አገር ስመጣ የቤቴ ወሬ የሚደርሰኝ ከርሞ ነበር። እገሌ አገባ ሲሉኝ፣ እልል ብዬ ሳልጨርስ እሱ እዚያ ልጁን ክርስትና አስነስቷል።

ዓመታቱ በዚህ ሄዱ። ልጅቷ ግን እየከሳች መጣች። አንድ ቀን ቦከንሃይም ወጥ ቤቷ ቁጭ ብለን፣ ድፎውን እየቆረሰች ሳትበላ ስታስቀምጠው አየሁና «ምንድነው?» አልኳት።

«ኦማ፣ ሥራው እያለቀ ነው። ውጤቱ ሲከፈት ባዶ ከሆነ እተወዋለሁ።»

«ምኑን?»

«ሁሉንም። ሰማዩን። ባንክ ቤት እንደኔ ስሌት የሚችል ሰው ይፈልጋሉ፤ ጠይቀውኛል። ጽሑፌን አስረክቤ እሄዳለሁ።»

እናቷ ይሄን ስትሰማ ደስ አላት። አልፈርድባትም፤ በፈረቃ ወገቧ ተቆርጦ ያስተማረቻት ናት። «እማዬ፣ ባንኩ እኮ ፎቁ ላይ ሆና ከተማውን ሁሉ የምታይበት ቢሮ ይሰጣታል፤ እዚያ ጨለማ ውስጥ ምን አላት?» አለችኝ። እኔ ትምህርት ጀምሬ ስለማላውቅ ጀምሮ መተው ምን እንደሚመስል አላውቅም። ግን ያቺ ልጅ «እተወዋለሁ» ስትል ፊቷን አይቻለሁ። ሰው የሚወደውን ሰው ቀብሮ ሲመለስ እንደዚያ ነው ፊቱ።

«ባዶ መሆኑን አሁን አታውቂም እንዴ? አንቺ አይደለሽ የምትሠሪው?» አልኳት።

«አላውቅም። ዓይናችን ተሸፍኗል።»

እንዲህ ነው አሠራሩ። ሌላ ከተማ ያለ አንድ ሰው የልኬቱን እውነተኛ መልክ ደብቆ ይይዘዋል። ለእነሱ ከተነካካ ጋር ደባልቆ ነው የሚሰጣቸው። እነሱ ስሌታቸውን ሁሉ ጨርሰው፣ «ከዚህ ወዲያ አንነካም» ብለው ቃል ሲገቡ ብቻ እሱ ይከፍተዋል። «ለምን?» ብላት «ምኞታችን እንዳይገባበት» አለችኝ። «ሰው የሚፈልገውን ካየ እዚያ ላይ ማጣራቱን ያቆማል። ያልፈለገውን ካየ ግን ስሕተት እስኪያገኝ ይቆፍራል።»

«ቅርጫ ነው በይኛ!» አልኳት።

ቅርጫ አታውቅም፤ ሥጋ የምታውቀው በላስቲክ ተጠቅልሎ ነው። ነገርኳት። ለበዓል ሰው ተዋጥቶ በሬ ሲያርድ ሥጋው ቅጠል ላይ መደብ መደብ ሆኖ ይደለደላል። ከዚያ ሁሉም ምልክቱን ያቀብላል፤ ማን ስንጥር፣ ማን ቁልፍ፣ ማን ጠጠር። እጣ የሚጥለው ሰው ድልድሉን ያላየ ነው፤ ዘወር ብሎ ቆይቶ ይጠራል። የማን ምልክት የቱ እንደሆነ ሳያውቅ በየመደቡ ላይ ጣል ጣል ያደርገዋል። ደልዳዩም የራሱ የትኛው እንደሚሆን ስለማያውቅ ሻኛውን ወደ አንድ ወገን አያበዛም።

ሳቀች። ከስንት ጊዜ በኋላ። ድፎውንም በላች።

እኔ ግን ቤቴ ስገባ ልቤ አልተቀመጠም። ባዶ ከሆነ ልትተወው ነው። ስለዚህ ለእመቤታችን ተሳልኩ። «እነዚህ ሁለቱ ጨለማዎች ሲገናኙ ከተገኙልኝ፣ ቀይ የከፋይ ጃንጥላ አገባለሁ» አልኩ። ስለት የሚገዛው ሲሰምር ነው፤ ይሄን ማንም ያውቃል። ግን በዚያው ሰሞን አንዲት ኤርትራዊት ጎረቤቴ፣ እዚህ ሠርታ ጡረታ የወጣች፣ አዲስ አበባ ለሠርግ ሄዳ ልትመለስ ነበር። ስልክ ደወለችልኝና «ሻንጣዬ ቦታ አለው፤ የምትፈልጊው ካለ አሁን በይ፤ በኋላ ብታለቅሺ የለሁበትም» አለችኝ። ቦታ ያለው ሻንጣ ተገኝቶ ዝም ይባላል? ጃንጥላውን አስመጣሁት።

ስታስረክበኝ ከላይ እስከ ታች አየችኝ። «እቴ፣ ስለትሽ ደረሰ እንዴ?»

«ሊደርስ ነው።»

«እመቤቴን ልታጣድፊያት ነው? ዕቃው መጥቷል፣ ነይ ውሰጂው ልትያት?»

ቁም ሣጥን ውስጥ አስገባሁት። ቁም ሣጥኔ ደግሞ ለእሱ አጠረ፤ በሩ ገርበብ ብሎ ዘርፉ ብቅ ይላል። የልጅ ልጄ ልትጠይቀኝ መጥታ አየችው።

«ኦማ፣ ይሄ ምንድነው?»

መዋሸት አልችልበትም። ነገርኳት። መጀመሪያ ሳቀች፤ ቀጥሎ ሳቋ ጠፋ። ወንበር ስባ ተቀመጠች።

«ይገናኙ ብለሽ ነው የተሳልሽው?»

«አዎ።»

«እኛ እኮ ስንት ወር ዓይናችንን የሸፈንነው ይገናኙ ብለን እንዳንመኝ ነው! ራስሽ አይደለሽ ቅርጫውን የነገርሽኝ? አሁን አንቺ እጣ ጣዩ ጆሮ ላይ ቆመሽ እያንሾካሾክሽ ነው።»

«እኔ ምን አውቄ፣ እንዳትተዪው ብዬ ነው።»

«አውቃለሁ» አለች፤ ድምፏ ተሰበረ። «ግን ኦማ፣ እኔም ምኞት አለኝ። እሱን ለመርሳት ነው የምታገለው። በመጣሁ ቁጥር ያ ቀይ ነገር ከቁም ሣጥን ብቅ እያለ አያስታውሰኝ።»

ኬለር አወረድነው፤ ምድር ቤት፣ ከአሮጌ ብስክሌቷ ጎን። በአሮጌ አንሶላ ሸፈነችው። ስትሸፍነው እጇ ረጋ ብሎ ነበር፣ ሕፃን እንደምታለብስ።

እሑድ ቄሱን ጠየቅኳቸው። «አባ፣ ስለት ይለወጣል?»

«እናቴ፣ ምን ብለው ነው የተሳሉት?»

ስነግራቸው ግንባራቸውን አሹ። ወጣት ናቸው፤ ሌላውን ቀን አረጋውያን ቤት ነው የሚሠሩት። «እነዚህ ሁለቱ... ሰዎች ናቸው?»

«አይደሉም አባ። ሰማይ ናቸው።»

«እንግዲያ እነሱን ለፈጠራቸው ይተዉለት። እርስዎ የፈለጉት ምንድነው?»

«ልጅቷ የምትወደውን እንዳትጥል።»

«ታዲያ እሱን ይለምኑ። ለምን በሰማይ በኩል ይዞራሉ?»

እውነታቸውን ነው። እንደ እግሬ ልመናዬም መዞር ይወዳል። ያን ቀን ስለቴን አስተካከልኩ፦ መልሱ የፈለገው ይሁን፣ ልጅቷ ብቻ አትጣለው።

በበጋ ቴርሚኑ፣ ልኬቱ የሚከፈትበት ቀን፣ ተቆረጠ። ከከተማው ወጣ ብሎ ኮረብታው ላይ ወዳለው ዩኒቨርሲቲ ይዛኝ ሄደች። አስተማሪዋ ሽበታም ሴት ናት። ጀርመኖቹ እንደዚህ ያለችውን «ዶክተርሙተር» ይሏታል፤ የዶክትሬት እናት ማለት ነው። መጀመሪያ ስሰማ ቅናት ቢጤ ይዞኝ ነበር፤ እናት አላት፣ እኔ አለሁ፣ ደግሞ ሌላ እናት! ሴትዮዋ ግን እጄን በሁለት እጇ ይዛ ከፊት አስቀመጠችኝ። ጠረጴዛው ላይ ኬክ አለ፤ አልተቆረጠም። ከኬኩ አጠገብ የኔ ድፎ።

ግድግዳው ላይ ሦስት ሥዕሎች ጎን ለጎን በሩ። ሦስቱም ቀለም የተቀቡ እንቁላል የሚመስሉ ናቸው፤ አንዱ ወደ ግራ ያዘነበለ፣ አንዱ ወደ ቀኝ፣ አንዱ መኻል። ከሌላ ከተማ ያ እውነቱን ደብቆ የያዘው ሰው፣ ቁልፍ ያዡ፣ በስክሪን ብቅ አለ፤ ጎልማሳ ነው፣ ጸጉሩ ገባ ያለ። «ዝግጁ ናችሁ?» አላቸው። ልጅቷ «ዝግጁ ነን» አለች። ድምፏ የሌላ ሰው ይመስል ነበር። እኔ በነጠላዬ ጫፍ ጣቴን ጠቅልዬ ያዝኩ።

ሰውየው አንድ ነገር ነካ። ሁለቱ ሥዕሎች ደበዘዙ። የመኻሉ ብቻ ቀረ። የመኻሉን እንቁላል ቀጥ ብላ የወረደች ቀጭን መስመር አቋርጣዋለች።

እኔ ፊቶችን ነው የማነበው፤ አንዱ ልጅ ከንፈሩን ነከሰ፣ አስተማሪዋ ቀስ ብላ ራሷን ነቀነቀች። አልተገናኙም ማለት ነው ብዬ ገባኝ። ወደ ልጅቷ ዞርኩ። እሷ የመኻሉን አይደለም የምታየው፤ የደበዘዘውን፣ የግራውን ነው። እጇን አፏ ላይ ጫነች። አሁን አለቀሰች ስል፣ ሳቀች። እንባዋ እየወረደ ሳቀች። ወንበሩን ደገፍ ብላ ሳቀች። ሌሎቹም ተያዩና ሳቁ። እኔ «ወይ እመቤቴ፣ ልጅቷን ለየላት» ብዬ ብድግ አልኩ።

«ምንም አልሆንኩም ኦማ፣ ተቀመጪ። ኬክ ብዪ።»

በኡባን ስንመለስ ጎን ለጎን ተቀመጥን። «አልተገናኙም አይደል?» አልኳት።

«ቢገናኙም እኛ ማየት ከምንችለው ያነሰ ነው። ያቺ መስመር ዜሮ ናት። ዜሮን ልናስወጣት አልቻልንም።»

«ባንኩስ?»

በመስኮቱ ጨለማ ውስጥ ፊቷን አየች። «ባንክ አልሄድም።»

«ባዶ ከሆነ እሄዳለሁ አላልሽም?»

«ብዬ ነበር።»

«ታዲያ?»

«ሌላ ጊዜ እነግርሻለሁ። አሁን ደክሞኛል» አለችና ራሷን ትከሻዬ ላይ ጣለች። ከዚያ ወዲያ አልጠየቅኳትም። የለመንኩትን ሰጥተውኝ በምን መንገድ መጣ ብሎ መጠየቅ ነውር መሰለኝ።

እናቷ ግን ተንጨረጨረች። «ዜሮ አግኝታ ዜሮ ላይ ልትቀመጥ! ሰው ባዶ አገኘሁ ብሎ ይቀራል?»

«ባዶ አይደለም እማ» አለቻት ልጅቷ። «እስከዚህ ድረስ የለም ማለት ነው። አሁን ከዚያ አልፎ የሚያይ መሣሪያ እየመጣ ነው።»

«አልፎ ሲያይ ደግሞ ምን ሊያገኝ?»

«እሱን አላውቅም።»

«አላውቅም እያለች ዶክተር ተባለች!» አለች እናቷ፤ ግን በምረቃው ቀን ከሁሉም ቀድማ ፎቶ ላይ የቆመች እሷ ናት።

ጃንጥላውን ከኬለር ያወጣችው ራሷ የልጅ ልጄ ናት። አንሶላውን አራግፋ፣ ዘርፉን በጣቷ አበጥራ ቤተ ክርስቲያን ድረስ ተሸከመችው። ባቡር ውስጥ አንድ ጀርመናዊ ሽማግሌ «ዝናብ ይጥላል እንዴ ዛሬ?» ብሎ ቀለደባት። ስለቱን የሚያስነግረው ዲያቆን «በምን ሰመረልዎ ልበል?» ሲለኝ፣ ሰማዩን ትቼ «ልጄ የምትወደውን አልጣለችም በል» አልኩት። እልል ተባለ። ጎረቤቴ ጎኔን ጎሸም አደረገችኝ፤ «ይሄውልሽ፣ ሻንጣዬ ነው የሰመረልሽ!»

ከዚያ በኋላ ብዙ ሆነ። ልጅቷ ሌላ አገር ሠርታ ተመለሰች፤ ዛሬ እሷም የምታስተምራቸው ልጆች አሏት። ጉልበቴ ስለሚያመኝ አሁን ማይን ዳር ስንሄድ በየወንበሩ እናርፋለን። ዘንድሮ ኅዳር፣ ልጆቹ ይጻፉልን ካሉኝ በኋላ፣ እንደ ድሮው ጭጋግ ወርዶ ሳለ ትዝ አለኝና «ያን ቀን ምን አሳቀሽ? ባንኩንስ ለምን ተውሽው? ሌላ ጊዜ ብለሽኝ ቀረ እኮ» አልኳት።

እሷም ረስታው ኖሮ፣ ወንበር ላይ አስቀመጠችኝ። ከዚያ ነገረችኝ።

ሦስቱ ሥዕሎች የሦስት ነገር ሥዕሎች አልነበሩም። ቁልፍ ያዡ ለእነሱ የአንድን ልኬት ሦስት ቅጂ ነበር የሰጣቸው፤ አንዱ እውነተኛ፣ ሁለቱ እሱ ነካክቶ የሠራቸው። የቱ የቱ እንደሆነ አያውቁም፤ ሦስቱንም እኩል መሥራት ነበረባቸው። የግራው ላይ ሁለቱ ጨለማዎች በግልጽ ተገናኝተው ነበር። እሷም ክረምቱን ሙሉ ያንን ሥዕል ስታየው ከርማ፣ እውነቱ እሱ ነው ብላ በልቧ ጨርሳ ነበር። እኔ ጃንጥላ አስቀድሜ እንዳስመጣሁ፣ እሷም ለእሱ የሚሆን ንግግር በሆዷ አዘጋጅታ ነበር። ቁም ሣጥኔ ፊት ድምፏ የተሰበረው ለዚያ ነው።

«ሦስቱን አቅርበው ምረጪ ቢሉኝ፣ ኦማ፣ የግራውን መርጬ በስሜ እጽፈው ነበር። ሲደበዝዝ እኔን ከራሴ ምኞት ያስጣለኝን ሥራ ትቼ የት ነው የምሄደው ብዬ ነው የሳቅሁት።»

የግራው ሥዕል፣ እኔ የተሳልኩለት፣ እሷም የተመኘችው፣ ያ ጸጉሩ ገባ ያለ ሰው ቁጭ ብሎ የሠራው ነበር።